ቁልቁለት ሲከፍል

ሠላሳ ሁለት ዓመት፣ ከቦርከና ማዶ፣
ቆዳዬ ከናፍጣ፣ ከግራሶ ተዋልዶ፣
ካቻቢቴዬን ይዤ፣ አንዱን ጫፍ ከብረት፣ አንዱን ጫፍ ከጆሮ፣
አዳምጥ ነበረ የኢሱዙን ደረት፣ የፊያትን ጉሮሮ።
ይህ ቫልቭ ነው እላለሁ፣ ይህ ደግሞ ኩሽኔታ፤
ሳልከፍተው ዐውቃለሁ የሕመሙን ቦታ።
«የሞተር ጆሮ ጠቢ» ይሉኛል በሐሜት፤
ስሙን ወድጄዋለሁ፣ እንጀራ ነውና የሰው ቤት ማዳመጥ።

ሀረጎን ዐውቃታለሁ።
ከደሴ ሲወርዱ፣ ጉሟ ሳይገለጥ፣
ስንቱን ፍሬን በላች፣ ሸራው እስኪጨስ፣ ታምቡሩ እስኪቀልጥ።
ሽታው ከሩቅ ሲመጣ፣ ቁልፍ ከእጃችን ወድቆ፣
«የማን ነው?» እንላለን፣ ልባችን ተሰቅቆ።
አንዳንዴ ይደርሳል፣ ይጨሳል ከፊቱ፤
አንዳንዴ ይቀራል፣ ኩርባው ላይ፣ ከነረዳቱ።

ዘንድሮ ኅዳር ላይ፣ ሰኞ ቀን ረፋዱ፣
ድምፅ የሌላት መኪና ቆመች ከመንገዱ።
ሹፌሩ ይርዳው ነው፤ ፊቱ አመድ መስሏል።
ቁልፏን ስጠኝ ብለው አንድ ካርድ ሰጥቶኛል።
«ደሴ መቶ ሞልቼ፣ ቁልቁለት ስገባ፣
መርገጫው ለገመኝ፤ ስክሪኗ ደም ለብሶ በቻይንኛ አነባ።»

ኮፈኑን ከፈትኩት።
የምሰማው የለም። ጥቁር ፕላስቲክ፣ ብርቱካንማ ሽቦ፤
ካቻቢቴዬ አፈረ፣ ከማያውቀው ደጃፍ እንደ እንግዳ ቀርቦ።

ሩቅያን አስጠራሁ፣ የጎረቤቴን ልጅ፣
ከቴክኖሎጂው ግቢ የተመረቀችውን፣ የእናቷን አማካሪ፣ የሽቦን ወዳጅ።
ላፕቶፕ በብብቷ፣ እርሳስ ከሻሿ ላይ፤
ከመሪው ስር ሰካች፣ ስንት ዓመት ጎንበስ ብዬ አይቼው የማላውቅ ቀዳዳ ላይ።
«አያ እብሬ፣ ይህቺ ስድሳ ኮምፒውተር ናት፤
በሁለት ግምድ ሽቦ ሲማከሩ ውለው የሚያድሩባት።
ዳገት ላይ ሞተሯ ይበላል፤ ቁልቁለት ላይ ግን፣
ያው ሞተር ዲናሞ ነው፣ ያጠጣል ባትሪውን።
ሞልተው ከተነሡ የሚጠጣ የለም፤
ያኔ ሸራው ብቻ፣ ብቻውን ሲደክም።
ይህን የጻፈው ሰው» አለች እየሳቀች፣ «ሜዳ ላይ ነው ያደገው፤
ጫፍ ድረስ ሞልቶ ገደል የሚወርድ አገር፣ ማን አሳይቶት ያውቀው?»

ዝም አልኩ።
ሀረጎ ትከፍላለች? ያቺ ፍሬን በላተኛ?
ስትወስድ ነው የማውቃት፣ መልሳ አታውቅም ለእኛ።
ፍሬን ስንል ኖርን፤ «ን»ዋ ስትወድቅ ጊዜ፣
ፍሬ ሆኖ ቆየን ያ ሁሉ ትካዜ።

ደግሞም ጠየቅኳት፦ «ማሻሻያ የሚሉት፣
ሌሊት በአየር መጥቶ ጠባይ የሚቀይር፣ ማን ነው የሚልከው?
ማታ የእኔ ብዬ ያቆምኳት መኪና፣ ጠዋት የማን ነው?»
ስክሪኑን አየች። አልመለሰችልኝም።

ከዚያ «ኩርባዎቹን ይንገሩኝ» አለች፤ ለሹፌሮች ስልክ
አንድ ትንሽ ፕሮግራም ልትጽፍ ነበረ።
ነገርኳት፦
ዝናብ ሲመታው አስፋልቱ የሚላጠውን፣
ጉም ሲወርድ ከነአጥሩ የሚጠፋውን፣
ባለተሳቢው መንጋጋውን የሚነክስበትን፣
ከዚያ አንድ ጥድ ብቻ የቆመበትን፣
ወንድሜ አደም የቀረበትን።

እርሳሷ አንዴ ቆመ። ከዚያ ቀጠለች።
«ከደሴ ስትነሣ ሰማንያ አምስት ይበቃል፤
የቀረውን ለሀረጎ ተውላት።»
ከደንቡ በላይ አንድ ሐረግ በአማርኛ አከለች፦
«ኩርባዎቹን የቆጠሩት አያ እብሬ ናቸው፤ አራተኛው ላይ ቀስ።»
«ይህ መስመር ምን ይሠራል?»
«ለማሽኑ ምንም፤ ዘሎት ያልፋል። የሚያነበው ሰው ነው፤
ነገ ከፍቶ የሚያስተካክለው።»

ይርዳው ማታውን ወደ ደሴ ወጣ፤ በማግስቱ፣ ሰማንያ አምስት ሞልቶ፣ ይወርዳል ተባለ።
እኔም ከልማዴ አፍንጫዬን ወደ ሀረጎ አዙሬ ጠበቅኩት።
የሸተተኝ ነገር
ዝናብ የነካው አፈር ብቻ ነበር።