አርባ ቦታ

የወረዳው አዳራሽ ጣራው ያፈስሳል፤
ሰብሳቢው ባልዲውን በእግሩ ያስጠጋል።
እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ መዝገብ ይዣለሁ፤
ሁለት መቶ ሠላሳ ስም ቆጥሬያለሁ፤
ከላይ የመጣልን ግን አርባ ቦታ ነው።
«ድሃ ማነው?» ብሎ ጠየቀ ሰብሳቢው።
ማን ይመልስ ይህን፣ ጎረቤት ፊት ቆሞ?
ማን እጁን ያወጣል ከወዳጁ ቀድሞ?
ጸጥ አለ። ባልዲው ብቻ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ይላል፤
ጠብታ እንኳ እዚህ ቤት ተራውን ያውቃል።

ሰባት ዓመት ሙሉ ከመስኮት ኋላ ነበርኩ፤
«ነገ ተመለሱ» እያልኩ ስንቱን አመላለስኩ፤
«ፎቶ ኮፒ አምጡ፣ ምስክር ሦስት ሰው፣
የቤት ቁጥር የሌለው ተራም አይደርሰው።»
ማኅተሜ ክብ ነው፤
ክብ ነገር ደግሞ መግቢያ በር የለው።

ስም ማንበብ ጀመርኩ። አሥራ ስምንት ላይ ስደርስ
ከኋላ አግዳሚ ወይዘሮ እታፈራሁ ተነሡ፣
የጉልት ሽንኩርት የሸተተ መቀነታቸውን
ፈትተው እንደገና እያሰሩ።
«የኔን ስም ሰርዘው። ጋሽ ንጋቱን ጻፍ።»

«ጋሽ ንጋቱ ማን ነው? መዝገቡ ላይ የለም።»
«የለማ! ይሞታል እንጂ እዚህ ደጅ አይቆምም።
ማተሚያ ቤት ነበር፣ የእርሳስ ፊደል ለቃሚ፤
ዛሬም በየማለዳው ክራቫቱን አስሮ፣
ባዶ ፋይል ይዞ በብብቱ ቀብሮ፣
‹ሥራ ረፈደብኝ› ብሎን ያልፋል።
ልጄ ግን አይታዋለች፤ አራት ኪሎ፣ ከሐውልቱ ግርጌ
ርግብ ሲቆጥር ይውላል።
ማታ ‹እንዴት ዋልክ?› ስንለው ‹ሥራ በዛ› ይላል።
እኛም ‹አይዞህ፣ ያልፋል።›
ውሸቱን ሰፈሩ ሁሉ አብሮት ይሸከማል።»

ቅጹን አገላበጥኩ፦ ገቢ፣ ዕድሜ፣ በሽታ፤
ሳጥን አልተተወም ለሰው ይሉኝታ።

በማግስቱ መስኮቱን ዘግቼ ቁልፉን ለዘበኛው ሰጠሁ፤
መዝገቡን በፌስታል ጠቅልዬ ቁልቁለቱን ወረድኩ፣
ወደ ቀበና ወንዝ፣ ጭቃው ጫማዬን እየጎተተ።
ከመስኮቱ የማይታይ ስንት በር አለ!
አሥራ አራት ቤት በአንድ ቆጣሪ፤ ውኃው ተቆርጧል፤
ዕዳው የሟች ነው፤ ሟችን ደግሞ ማን ከሶ ይረታል?
ለዚህ በጀት አያሻም፤ አንድ ደብዳቤ በቃ፤
ያቺን ክብ ማኅተም እፍ ብዬ መታሁ፤
ቧንቧው እያሳለ ነቃ።

የወረዳው መጋዘን ደግሞ፣
ስብርባሪ ወንበርና የድሮ ባነር የታጨቀበት፣
ለብዙአየሁ የስፌት መኪና ይበቃ ነበር።
ቁልፉ ግን ከሰብሳቢው ኪስ እስከ ዛሬ አልወጣም።
እየለመንኩ ነው።

ሲመሽ ከጋሽ ንጋቱ በር ደረስኩ።
«ድሃ ነዎት» ማለት በምን አፌ?
«መዝገባችን ስሕተት በዛበት፤ የሚያርም ዓይን ቸገረን፤
አበሉ ትንሽ ነው» አልኳቸው።
ውሸትም አልነበረ፤ እውነትም አልሞላ።
ክራቫታቸውን አላሉ፤ መነጽራቸውን ወለወሉ፤
ባዶው ፋይል ተከፈተ፤ ከስንት ዘመኑ ወረቀት ጎረሰ።

አንድ በአንድ አረሙ። አሥራ ስምንት ላይ ጣታቸው ቆመ።
ከሥር የተሰረዘ ስም አለ፣ የእታፈራሁ፤
ከላዩ የራሳቸው።
ብዙ ቆዩ።
እኔ ወለሉን አየሁ።

ከዚያ እስክሪብቶ አወጡና
የአባታቸውን ስም አቃኑ፦
«ልጄ፣ ኃይሉ በሃሌታው ሀ አይጻፍም፤
በብዙኃኑ ነው።»