ሳይኮራ

ሦስት ሳምንት ሙሉ ቀጠሮ ስናፈርስ፣
አንዴ ዝናብ ሲጥል፣ አንዴ ጉንፋን ሲይዘን፣ አንዴ ፈረቃ ሲለወጥ ድንገት፣
ከርመን፣ ከርመን፣
በሚያዝያ መባቻ፣ በዕለተ ሰንበት፣
ዩትሬክት ጣቢያ፣ ከሰዓቱ ሥር ተገናኘን።

ይትባረክ ዘገየ።
ከዳቦ ፋብሪካው፣ ከሌሊቱ ሥራ በቀጥታ መጣ፣
ዱቄት በቅንድቡ፣ ዱቄት በጫማው ላይ፣
የባቡሩ በር ሊዘጋ ሲል ዘሎ እየገባ፤
«እኔን ካያችሁኝ» አለ እየሣቀ፣ «ምን ቀረ አበባ?»

ትርሲት፣ አደራጃችን፣ ሁሉን በደብተር የጻፈች፣
የአውቶቡሱን ቁጥር፣ የስንቁን ድርሻ ያከፋፈለች፣
መንገዱን በሙሉ ስታስረዳን ሄደች፤
«አራት መቶ ዛፍ ነው፤ ሁሉም ስም አላቸው፣
እኩሌቶቹ በጃፓን፣ እኩሌቶቹ በሆላንድ ሴቶች የተጠሩ ናቸው።»
«የዘሩስ መጠሪያ?»
«ሳኩራ።»
«ሳይኮራ?»
«ሳ - ኩ - ራ!»
ሙኒራ በሣቅ ፈረሰች፤ ሻይዋ ደብተሩ ላይ ፈሰሰ፤
የመመለሻችን ሰዓት እዚያው ራሰ።

አምስተልቬን ወርደን፣ ደኑን አቋርጠን፣
በብስክሌት ደወል ከመንገድ እየተባረርን
(ሕፃኑ ከፊት፣ ውሻው ከኋላ፣ እናትየዋ መሐል፤ ይበራሉ እነዚህ ሰዎች!)
ደረስን።
ሳይጠራ፣ ከእኛ ቀድሞ፣ ነፋስ አድሮበት ኖሯል፤
ግማሹ ቅርንጫፍ ላይ፣ ግማሹ ሣር ላይ ተዘርቷል።

ትርሲት ደብተሯን ከደነች።
«ትናንት ነበር ሙሉው፤ ትናንት መምጣት ነበር።»
ማንም አልመለሰላት።
ለትናንት መልስ የለው፣ ከማለፉ በቀር።

ሰዉ ግን ሞልቷል። ለፎቶ ተሰልፏል።
አንዷ ሙሽራ ቬሎዋን ሰብስባ ጭቃ ትዘላለች፣
አንዲት ጃፓናዊት አሮጊት፣ ሰማያዊ ሸራ ላይ፣ ብርቱካን ትልጣለች።
ሙኒራ ከዛፍ ዛፍ ዞራ ስሟን ፈልጋ አጣች፣
ጫማዋ አበባ ለብሶ ተመልሳ መጣች፤
«የለሁም» አለችን።
«አንዷን ግን በስሜ ጠራኋት። እምቢ አላለችም።»

ይትባረክ ግንዱን ተደግፎ፣ ጫማውን አውልቆ፣
አውራ ጣቱ ከካልሲው ሾልቆ፣
ቀና ብሎ አየና፣ «ቆንጆ ነ...» እንዳለ
እንቅልፍ ጣለው።

ልንቀሰቅሰው ነበር።
ትርሲት እጇን ዘረጋች፤ ደግሞ ሰበሰበችው፤
ጉንጩ ላይ አንዲት የአበባ ቅንጣት አርፋ አየቻት።
ቀጥላ ሁለተኛ፣ ቀጥላ ሦስተኛ።
ለሰው ቁርስ ሲጋግር አምስት ሌሊት ያደረ ሰው፣
በጠራራ ቀን ተኛ።

ከዚያ ወዲያ አበባ አላየንም።
ፀሐይ ስትዞርበት በሻርፕ ስንጋርድ፣
ኳስ የያዙ ልጆችን በጣት ዝም ስናሰኝ፣
ሳምቡሳውን በሹክሹክታ ስንካፈል፣
የሱን ድርሻ ስንከድን፣
ዋልን።
አሮጊቷ ከሩቅ ስታየን ቆየች፤
ኋላ ሁለት ብርቱካን ይዛ፣ በጣቷ ጫፍ ተራምዳ፣
እንደ እኛው ሹክ ብላ በማናውቀው ቋንቋ፣
ሣሩ ላይ አኑራልን ሄደች።

ማታ፣ በባቡሩ፣
ዱቄቱና አበባው ጸጉሩ ላይ ተቀላቅሎ
ይሄ ይሄ ነው ለማለት አልለይ ብሎ፣
ብርቱካን እየዋጠ ጠየቀን፤
«ተኝቼ አለፈኝ። እስቲ ንገሩኝ፣ እንዴት ነበር?»
ሦስታችን ተያየን።
«ሳይኮራ» አለች ሙኒራ።
ትርሲት ሻይ የጠጣውን ደብተር ገልጣ፣
ቀና ሳትል፣
«ሙሉ ነበር» አለችው።