አርባ ሰባት ኪሎ

ሐይቅ ጤና ጣቢያ፣ ሚዛኑ ላይ ወጣሁ፤
አርባ ሰባት ኪሎ፣ ያውም ከነጫማዬ።
ኩንታል ሲሚንቶ ነበር የሚያውቀው ትከሻዬ።

ሲስተር ሉባባ ዓይኔን ወደ ታች ጐትታ
የቆቡን ውስጥ አየች፣ ዝም አለች ላንዳፍታ።
«ነጥቷል» አለችኝ፣ «እንደ ባዘቶ ጥጥ፤
ደም ሲኖር እዚህ ነው ቀልቶ የሚቀመጥ።»

ነጥቷል? ትናንት ሌሊት ከጓሮ ቆሜ
ሽንቴ ቀልቶ ባይ
አለቀች ብዬ ነበር የቀረችኝ ደሜ!
«ክኒንህ ነው» አለች ስቃ፣ «ጋሽ ሙሄ፣ አትስጋ፤
ይልቅ ንገረኝ፣ መቼ ነው የቀመስከው ሥጋ?
ዕንቁላልስ?»

ምን ልበላት?
ዘሀራ ዕንቁላሉን ለደብተር ሸጠችው፤
ዶሮዋንም ሸጣ
ብሩን ወደዚህ ላመጣኝ ባጃጅ ከፈለችው።
ዓሣ ይጠበሳል ከሐይቁ ዳር፣ ማዶ፤
ሽታው በነፃ ነው፤
ሳብኩት፣ ሳልኩት፣ አለፍኩ፣ ሆዴ እንዳለ ባዶ።

የታሸገ ለውዝ በካርቶን ሰጠችኝ፣
«ለአንተ ብቻ» ብላ
ሦስት ጊዜ «ወላሂ» አስባለችኝ።

ቤት ግን ስድስት ዓይን አለ።
ዘሀራ በሩን ዘግታ፣ ልጆቹን አዞረች ወደ ግድግዳ፤
እንደ ሌባ በላሁ፣ በገዛ ቤቴ እንደ እንግዳ።
ታናሹ፣ እንድሪስ፣ ላስቲኩን አነሣው፣
ገልብጦ ላሰው።
በሦስተኛው ቀን እጄ አልታዘዘኝም፤
ግማሹን ሰጠሁት፣
ለሲስተር ግን አልነገርኳትም።

ወር ሞልቶ ተመዘንኩ። አርባ ስምንት ተኩል።
ደስ ብሏት ካርዴ ላይ ቁጥሩን ስትከትብ
እኔ ከመርፌው ላይ ዓይኔን ተክዬ ሳስብ፣ ሳስብ፦
ከዚህ ውስጥ ስንቱ ግራም
የእንድሪስ ነበር?