ቀብድ

የሰው ኃይሉ ሰውዬ፣ መነጽሩን ወልውሎ፣
«ሁለት ቦታ አለን» አለኝ፣ ስሜን ካንድ ፋይል ስቦ ሌላው ላይ ጥሎ፣
«ዱከም ብስኩቱ ጋ፣ ወይ ሱሉልታ ወተቱ ጋ፤
አንቺው ምረጪ፤ መልስሽን ዓርብ እንጠብቃለን ሲነጋ።»

እኔ፣ ካሰላ የመጣሁ፣
ወተት እንጂ ከተማ መመርመር መች አውቃለሁ?
ወተት ቀላል ነው፤ አልኮል ጠብ ታደርጊያለሽ፣
ከረጋ ወደ ባለቤቱ፣ ካልረጋ ወደ ጋኑ ትልኪያለሽ።
ለከተማ ግን ምን ጠብ ይደረጋል?
በየትኛው ብልቃጥ ይረጋል?

እናቴ ደውላ፣ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ
ሁለት ዛፍ አይወጣም» አለች፣ ድምጿ አንዴ ጠፍቶ፣ አንዴ ቀጥሎ።
«ልክ ነሽ» አልኳት፤ «ግን አንዱንም ቢሆን ለመውጣት
ግንዱን መደገፍ አለ፣ ቅርፊቱን በመዳፍ ማየት።»
አልሰማችኝም። ካርዷ አልቆ ነበር።

ሐሙስ፣ ቃሊቲ መናኸሪያ። ረዳቱ «ዱከም፣ አንድ ሰው!» እያለ፣
በዚያ አንድ ሰው ስም አራት ሰው ከመረብን፣ ደግሞም «ጠጋ ጠጋ በሉ» አለ።
ገላንን ስናልፍ ሰማዩ ሰፋ፤
የጂቡቲ ተሳቢ በጎናችን ሽው ሲል፣ ሚኒባሷ ዘመም አለች፣ የሁላችንም ትንፋሽ ጠፋ።

ዱከም ፀሐይዋ አይሰስትም፣ ነፋሷ ግን አቧራ ያስቅማል፤
ሥጋ ቤቱ ደጃፍ አይሱዙው ከቤት መኪናው ጋር ተኮልኩሎ ይቆማል።
ገመቹ ደላላው፣ በሁለት ስልክ መሀል፣
«ይሄን ቤት ላንቺ ብዬ ነው ያቆየሁት» ይላል፣
እስከዚያች ሰዓት ድረስ ስሜን እንኳ ሳያውቅ።
ወለሉ ሊሾ፣ ቆጣሪው የግል፣ መስታወቱ የሚያብረቀርቅ።
ግድግዳውን ነካሁት፤ የቀኑን ሙቀት ይዟል።
አከራዩስ? «እሱ አይታይም፣ ኪራይ በስልክ ይገባለታል፤
ማንም አይነዘንዝሽም፣ ነጻ ነሽ» አለ ገመቹ፣
እጄን ብቻ ነበር የሚያዩት ዓይኖቹ።
ሁለት ሺህ ብር ቀብድ ቆጠርኩለት። ደመወዙም እዚያ
በሺህ ምናምን ይበልጣል። ምን ቀረ ከዚያ ወዲያ?

ሱሉልታን ለማየት የሄድኩት፣ እውነቱን ልናገር፣
«አላየሁትም» ላለማለት ነበር።
ካዲሱ ገበያ ሽቅብ፣ ባሕር ዛፍ ለባሕር ዛፍ፣ ጆሮዬ ድፍን ብሎ፤
ቁልቁል ስንወርድ ጉሙ ሜዳው ላይ ተኝቷል፣
የላሞቹን እግር ውጦ፣ ጀርባቸውን አየር ላይ አንጠልጥሎ።

አዴ ድንቄ ፈገግ አትልም። ቆማ ሕጓን አሰማችኝ፦
«ካውያ አይሰካም፣ በር በሦስት ሰዓት፣ ምሽት ሰው አይምጣብኝ፤
ውሃ ማክሰኞ ሌሊት ነው፣ ሌላ ቀን አትጠብቂ፤
ብርድ ልብስ ጨምሪ፣ እዚህ ብርዱ አይጣል ነው፣ እወቂ።»
ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ኖራው ተሰነጣጥቋል።
«ማክሰኞ የሌሊት ፈረቃ ከሆንኩስ?» አልኳት፤
ቀና ብላ አየችኝ፣ እንደ ሞኝ ልጅ ጥያቄዬ ገርሟት።
«ጀሪካንሽን በር ላይ ትተሽ መሄድ ነዋ!
ሞልቶ የማያስገባልሽ ማነው?» ብላኝ ሄደች ወደ ጥጃዋ።

ማታ ወረቀት ለሁለት ከፈልኩ።
በዱከም ስር፦ ደመወዝ፣ ፀሐይ፣ ቆጣሪ፣ ሊሾ፣ መስታወት፤
በሱሉልታ ስር አንድ ቃል፦ ጀሪካን። ኋላ ደግሞ ሰረዝኳት።
ተመልሼ ጻፍኳት።

ዓርብ ሲነጋ፣ «ወተቱ ጋ» አልኩት ሰውዬውን።
ብዕሩ ቆመ። «ነግሬሻለሁ አይደል ጭማሪውን?»
«ነግረውኛል።»
ገመቹም ደውሎ፣ «እህቴ፣ ቀብድ አይመለስም፣ ሕጉ ነው» ይላል።
«አውቃለሁ» ብዬ ዘጋሁ።

ዛሬ ኅዳር ነው። ውርጩ ሣሩ ላይ ጨው ነስንሷል፤
ጉልበቴ ከኔ ቀድሞ ነቅቶ ያማርራል።
አንዳንድ ሌሊት፣ ሦስት ብርድ ልብስ ደርቤ፣ ያ ሙቅ ግድግዳ ትዝ ይለኛል፦
ዱከም ውስጥ አንድ ክፍል አለች፣ ሁለት ሺህ ብሬን የበላች፤
ውስጧ የተኛች አንዲት ሴት፣ እኔን የመሰለች፣
ፀጉሯ አቧራ፣ ቦርሳዋ ከኔ ይልቅ ሞላ ያለ፣
ጀሪካኗ በር ላይ ባዶውን የዋለ፤
ወይ ማን ያውቃል፣ እዚያም የሚሞላላት ጎረቤት አለ።

ረቡዕ ንጋት ከፈረቃ ስገባ፣ የኔው ደጄ ላይ ቆሟል፣ ሙሉ።
ክዳኑን ምን አድርጋ እንዳጠበቀችው እንጃ፤ ጣቶቼ በብርድ አልታዘዝ አሉ።
በጨርቅ ያዝኩት፣ በጥርሴ ሞከርኩት፤ እንዳልቀሰቅሳት ፈራሁ፤
ውሃው አጠገቤ ቆሞ፣ እንደጠማኝ ተኛሁ።