ያልተጠረገው ቦታ

እኔ ጠራጊ ነኝ፤ ስብከት አላውቅበት፣
በሳን ፈርናንዶ ደብር፣ ቤቱን ስጠርግለት
ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣
አንድም ቀን ተቀምጬ አላየሁትም ፊት ለፊት።

እኛ አገር፣ ፓምፓንጋ፣ ገና በመስከረም ይጀምራል፤
ዝናቡ ሳያባራ ገበያው ኮከብ ያበራል፣
ታኅሣሥ ሲገባማ ሰው እግሩን ረስቶ ይሮጣል።
ስጦታው፣ ቀለሙ፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዘመድ፣
ዐሣማው በዱቤ ተገዝቶ፣ በብድር ቢላ የሚታረድ፤
ሁሉም ለአንድ ሕፃን ነው፤ ሕፃኑስ በየት በኩል ይውረድ?

ዘጠኝ ሌሊት በተከታታይ፣ ዶሮ ሳይጮኽ እናስቀድሳለን፤
ደወሉ ዐሥር ሰዓት ነው፣ ዐሥራ አንድ ተኩል እንበተናለን።
እኔ ግን ሰው ሳይወጣ እጠርጋለሁ በልቤ፤
የዓሣው ዋጋ፣ የልጅ ልጄ ጫማ፣ ይመላለሳል በሐሳቤ።
ቄሱ «ሰላም ለሁላችሁ» ሲሉ፣ «ከመንፈስዎ ጋራ» እላለሁ፤
አፌ ነው እንጂ የመለሰው፣ እኔማ ገበያ ነው ያለሁ።

በሰባተኛው ሌሊት፣ ሕዝቡ ወጥቶ ሲያበቃ፣
ደጅ ላይ ሐምራዊው የሩዝ ቂጣ በእንፋሎት ሲነቃ፣
መጥረጊያዬን አንሥቼ ከኋላ ጀምሬ ስመጣ፣
ሦስተኛው ወንበር ላይ አንዲት ሴት ነበረች ሳትወጣ።

ፍሎርዴሊሳ ናት፣ ኮከብ ሠሪዋ፤
የቀርከሃ አጥንት፣ የዛጎል ቆዳ፣ ሽቦና ሙጫ ነው ሥራዋ።
ሁለት መቶ አርባ ፋኖስ ለአንድ የገበያ ሕንፃ ተዋውላ፣
ባሏ ከጣሪያ ከወደቀ ወዲህ፣ ብቻዋን አድራ ውላ፣
ለሰው ሁሉ መስኮት ኮከብ ስታድል፣ የራሷን ለጨለማ ጥላ።

ልትጸልይ መጥታ ኖሯል፤ መቁጠሪያዋ አራተኛው ዶቃ ላይ ቆሟል፤
ሙጫው ሳይደርቅ መጥታለችና አውራ ጣቷ ከዶቃው ተጣብቋል፤
አፏ በትንሹ ተከፍቷል።
ተኝታለች።

እውነቱን ልናገር፣ ላነቃት ነበር፤ ተናድጃለሁ፣
ለሁለተኛው ቅዳሴ ሠላሳ ደቂቃ! በየትኛው እጄ እጨርሳለሁ?
«እመቤት፣ ይህ እኮ ማደሪያ አይደለም» ልል፣
ከመሠዊያው ሥር ያለውን ግርግም አየሁት ቀና ስል።
ባዶ ነው፤ ሕፃኑን የምናስተኛው በዋዜማው ሌሊት ነውና።
ሣር ብቻ። እዚያ ሣር ላይ የሚተኛው ማን እንደሆነ ታሰበኝና
ቆምሁ።

ለካ እሱም ሲመጣ አልቸኮለም፤
ከተአምሩ በፊት፣ ከስብከቱ በፊት፣ የመጀመሪያ ሥራው በዚህ ዓለም
መተኛት ነበር፤
ማደሪያ በጠፋበት፣ ሰው ለቆጠራ በሚጋፋበት አገር፣
ከብት አጠገቡ እየተነፈሰ፣
በእናቱ ክንድ ላይ፣ ምንም ሳይሠራ፣ ምንም ሳይናገር።

ከራሷ በላይ ያለውን መብራት አጠፋሁ፤
ዙሪያዋን ቀስ ብዬ ጠረግሁ፣ እግሯ ያለበትን ተውሁ።
ከዚያ ምን እንደ ነካኝ እንጃ፣ መጥረጊያዬን ዓምድ አስደግፌ
ተቀመጥሁ፤ በዐሥራ አንድ ዓመቴ፣ እጄን በእጄ ላይ አጣጥፌ።
አልጸለይሁም። የዓሣው ዋጋ አንኳኳ፤ ከፋች ሲያጣ ዐለፈ፤
የጫማውም ሐሳብ መጣ፤ እሱስ እዚያው ወንበሩ ጫፍ ላይ ዐረፈ።
ያ «ሰላም ለሁላችሁ»፣ ቄሱ ያሉት ከአንድ ሰዓት በፊት፣
አሁን ነው የደረሰኝ፣ እንደ ዘገየ ፖስታ፣ ማኅተሙ ሳይከፈት።

ስትነቃ ደነገጠች፤ «ወይ ጉዴ፣ ሽቦዬ!» አለች።
«ምን ሰበኩ ዛሬ?» ብላ ጠየቀችኝ፣ ሻሿን እያሰረች።
«እንጃ» አልኋት፣ «እኔም ገበያ ነበርሁ»፤ ሳቀች።
ሮጣ ወጣች። ስልሳ ሦስት ኮከብ ገና ይቀራል፤
ዕዳውም እንዳለ ነው፤ ደወሉም ለሁለተኛው ቅዳሴ ይጠራል።

ወለሉ ሁሉ ንጹሕ ነው፤ ሦስተኛው ወንበር ሥር ብቻ
የሽቦ ብጥስጣሽ፣ የዛጎል ፍርፋሪ፣ የሁለት እግር መርገጫ።
ቄሱ አይተው «ይሄስ?» አሉኝ።
«እሱ ይቆይ፣ አባ፤
እስከ ልደቱ ድረስ ይቆይልኝ።»