መልስ

ከማርቆስ መናኸሪያ፣ ከጎማ ቤቱ ጎን፣
ሰዓት እሠራለሁ፣ የሚሠራ ሲሆን።
ስልክ ከመጣ ወዲህ የሰው ክንድ ራቁቱን፣
እኔም ሥራ ፈታሁ ይዤ መስታወቱን።

ማታ ማታ ግን ልየው ይመጣል፣
የሉማሜው ረዳት፤ ኪሱ ይንጫጫል።
ኮፍያውን ዘርግቶ ዝርዝሩን ይደፋል፤
«ጋሽ ምንይችል፣» ይላል፣ «ዛሬስ ምን ይወጣል?»
ስም ያወጡለት ለት ምን ታይቷቸው ኖሯል፣
ብሩን ሁሉ «ልየው» ሲል ሲገለብጥ ያድራል።
ሳንቲም የሰው ላብ ነው ሽታው፤ ጣታችን ይጠቁራል፤
የገበያ ቅቤ፣ የበርበሬ ብናኝ ዳሩ ላይ ይቀራል።

«ስማ፣» አልሁት አንድ ቀን፣ «ቁስል ሌላ፣ የውልደት ግድፈት ሌላ፤
ይኼ ጎማ የረገጠው፣ ያ መዶሻ የበላ፤
ይኼ ለአንገት ክር ብለው በወስፌ የበሱት፣
ይኼ በሞረድ ፍቀው ዓይኑን ያጠፉት፤
እነዚህን እኛ ነን፣ ገበያው ነው ያቆሰለ፤
ተወው፣ ዳቦ ቤት ይሂድ እንደ ዋለ።
ማተሚያው የሳተው ግን ጠርዙ ላይ ይጻፋል፤
ስለት ያልነካው ብረት ለስልሶ ያልፋል።
ጉርሻ ያህል ጎድሎ፣ ጥርስ እንደ ነከሰው፣
ከጉድለቱ ትይዩ ዳሩ ሲሳሳ ነው
እውነተኛ የሚሆን፤ ካልሳሳ ሰው ነው የቆረሰው።
ፊደል ሲደራረብ ቶሎ አትበል እሰይ፤
የደከመ ማኅተም ጥላ ያጠላል ላይ ላይ።»

ጎማ ሠሪው አይነኩሉ በሳቅ ይፈርሳል፦
«አንድ ብር በመስታወት ሲያዩት ዳቦ ያህላል?»

በሁዳዴ ሐሙስ፣ መብራት ጠፍቶ ባለ፣
በስልኩ ባትሪ ስር አንድ ብር ቆም አለ።
ጎፈሩን አቀናሁ፤ ገለበጥሁት በተራ፤
ሚዛኑ ተዘቅዝቋል፣ እንደ ሌሊት ወፍ ከጣራ።
አሥር ብር ደርድረን አሥሩንም አዞርን፤
አሥሩም ቀጥ ብለው ቆሙ። እኛም ዝም ብለን ቀረን።
አይነኩሉ እንኳ መጣ፣ ጎማውን ጥሎ፣
«አገሩን ነው የሳለው፣» አለ፣ ዝቅ ብሎ።
የሳቀ አልነበረም።

ባሕር ዳር አንድ ሰው አለ፣ እንዲህ ያለ የሚለቅም፤
በስልክ ስምንት መቶ ጠራ። ልየው አለ፦ «አልሸጥም፤
አልሸጥም፣ ጋሽ ምንይችል፤ ይሄ እኮ እኔን ነው፤
ስወለድ እግሬ ነው አሉ ቀድሞ የወጣው።»
በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ከመታወቂያው ጋር፣
ደረት ኪሱ ከተተው፤ ይዳብሰው ነበር።

ሚያዝያ ላይ፣ ቅዳሜ፣ መኪናው ተጨናንቆ፣
ሉማሜ መግቢያ ላይ፣ ዝርዝር ሁሉ አልቆ፣
«መልሴን፣» አሉ አንዲት እማሆይ። «መልስ የለኝም፣» አለ ተሳቅቆ።
«መልስ የሌለው ሰው ነገ ምን ሊል ነው ተጠይቆ?»
እጁ ደረት ኪሱ ገባ። ላስቲኩን በጥርሱ ቀደደ።
አንድ ብር ነው። በመቀነታቸው ጫፍ ታሰረ፤ ሄደ።

ማታ መጥቶ ነገረኝ። ቃል አልወጣኝ።
ስምንት መቶው አይደለም እኔን የቆጨኝ፤
ጠርዙን ቀድመህ እይ ስል፣ ሳስተምር ከርሜ፣
የዚያን ለት ጠርዙን አላየሁም፣ በደስታ ታውሬ ቆሜ።
ይህን ለልየው አልነገርሁትም።

አሁን ዳቦ ስገዛ፣ ሻማ ስገዛ፣ መልስ ሲሰጡኝ፣
ቆሜ እገለብጣለሁ፤ ባለሱቆቹ ይታዘቡኝ።
ከኋላዬ የተሰለፈው፣ «ሽማግሌው፣ ምን ሆነህ ነው?»
አንዴ ታገሡኝ እላለሁ፤ አንዴ ብቻ — ልየው።