የጋራ ግድግዳ

የሙቀቱ ሂሳብ በጥር ሲመጣልኝ፣
መነጽሬን ብጠርግ ቁጥሩ እምቢ አለኝ።
ሁለት ክፍል ቤት ነው፣ አራተኛ ፎቅ፤
አንድ ሰው፣ አንድ አልጋ፤ ማን ነው የሚሞቅ?

እኔ በፐርኒክ ጉድጓድ ሠላሳ አንድ ዓመት
ከሰል አልቆፈርኩም፤ ሥራዬ የነፋስ ጠባቂነት።
አየር በየት ገባ፣ ጋዝ በየት ወጣ ብዬ፣
ነበልባል ስከተል አለቀ ዕድሜዬ።

ልጄ ራዶስቲና ከቫርና ደወለች፣
«አባባ፣ ሰው ጥራ፣ ካሜራ አለ» አለች፤
«ግድግዳ የሚያይ፣ ሙቀት የሚያነብ።»
«ሻማ አለኝ» አልኳት፣ «ምን ያደርጋል ገንዘብ?»

መብራቱን አጥፍቼ፣ ሻማዬን ለኩሼ፣
እንደ ጥንቱ ሄድኩኝ በካልሲ፣ አጎንብሼ።
በር ሥር ነበልባሉ ትንሽ ዘነበለ፤
አሮጌ ካፖርቴ እዚያው ተጠቀለለ።
የማድ ቤቱ መስኮት በጠርዙ ያፏጫል፤
ስፖንጅ አጎረስኩት፣ አሁን ዝም ብሏል።
መታጠቢያ ቤቱ፣ ቧንቧው ካለፈበት፣
ቀዳዳ አገኘሁ ጡጫ የሚገባበት፤
በጀሶ ወተፍኩት ሌሊት በሰባት ሰዓት።
ማሞቂያውን ፈታሁ፣ አየሩን አስወጣሁ፣
እንደ ተነፋ ሆድ ሲያጉረመርም ሰማሁ።

ይኸው ነው ጥፋቱ ብዬ ተኛሁ፣ ረክቼ።

የየካቲት ሂሳብ መጣ ቀኑን ቆጥሮ፣
ባለፈው ወር ላይ ሃያ ሌቫ ጨምሮ።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ቢሉም፣
ጀመርኩ እንደገና፤ ሌላ ሥራ የለኝም።
ቴርሞሜትር ይዤ፣ በክር አንጠልጥዬ፣
ግድግዳ ለግድግዳ ለካሁ ተከትዬ።
የውጪው ግድግዳ፣ ቪቶሻን የሚያየው፣
በረዶ የሚመታው፣
አሥራ ስድስት አለ። ይሁን፣ ይገባል።
በመኝታ ቤቴ ግን ቁምሳጥኑን ጎትቼ
ከኋላው ስለካ፣
የውስጠኛው ግድግዳ፣ ከጎረቤት የምጋራው፣
አሥራ አንድ።

እንደገና ለካሁ። አሥራ አንድ።
መዳፌን ጫንኩበት፤ እንደ ዓሣ ሆድ በረደኝ።
«ግድግዳ ጆሮ አለው» ሲሉ ሰምቻለሁ፤
ጉሮሮም እንዳለው ያን ሌሊት አየሁ።

ከግድግዳው ማዶ ጽቬታና አለች፣
የብርጭቆ ፋብሪካ ጡረተኛ ነች፤
ሽቅብ ቁልቁል ስንል ደረጃ ላይ የምንተያይ፣
ከሊፍቱ ብልሽት በቀር ሌላ የማንወያይ።
ሲነጋ ሂሳቡን ይዤ በሯን አንኳኳሁኝ፣
ክሴን በልቤ ውስጥ አጥንቼ ጨረስኩኝ።

ከፈተች።
ካፖርት ለብሳለች፣ ኮፍያም፣ ጓንትም፤
«ኦግኒያን፣ ደህና ነህ?» ስትል ቃሏ በነጭ እንፋሎት ወጣ።
ከበስተጀርባዋ ማሞቂያው ጥልፍ ጨርቅ ለብሷል፣
ላዩ ላይ አበባ ተቀምጦበታል፤
አበባ እንኳ የማይፈራው፣ የሞተ ብረት።
ወንበሯ ግን፣
ወንበሯን አየሁት፦
መስኮቱን ትቶ፣ ቴሌቪዥኑን ትቶ፣
ጀርባውን ለእኔ ግድግዳ ሰጥቶ ተጠግቷል፣
የድመት ግልገል እናቱ ሆድ ሥር እንደሚለጠፍ።

ወረቀቱን ከኋላዬ አጣጠፍኩት።
«ይቅርታ» አልኳት፣ «ጨው ካለሽ ብዬ ነው።»
በብርጭቆ ሰጠችኝ፣ እስከ አፉ ሞልታ፣
አንዱን ጎኑን አረፋ የያዘው ብርጭቆ፤
ፋብሪካው የጣለውን ይዛ ገብታ ይሆናል።

ቤቴ ገብቼ ለቁምሳጥኑ ትከሻዬን አስጠጋሁ።
የሰርጋችን ዕቃ ነው፣ ባለ ሦስት በር፤
ወደ ቦታው ልመልሰው ነበር።
ቆምኩ።
ከዚያ በሌላ በኩል ገፋሁት፣
ወደ ቪቶሻ፣ በረዶ ወደሚመታው ግድግዳ።
ወለሉ ላይ ረጅም፣ ጠማማ ጭረት ቀረ፤
ወገቤም ሦስት ቀን ሲሰድበኝ ሰነበተ።

ራዶስቲና ደወለች፦ «ምክንያቱ ተገኘ?»
«ተገኘ። ቀዳዳ ነበር።»
«ደፈንከው?»
የጨው ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ ነው፣
አልቀነሰም፤ ጨው በቤቴ ሞልቶኛል።
«ሠራሁት» አልኳት።

ማታ ቴርሞሜትሩን ራቁቱን በቀረው ግድግዳ ላይ ሰቀልኩ።
ጠዋት አሥራ ሦስት አለ።